ዋይፋይን በሁለት አሮጌ ራውተር ማስተማር

ደሴ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ኔትወርክ አስተምራለሁ። የሽቦ አልባ ኔትወርክና ደህንነት ኮርስ መጀመሪያ የደረሰኝ ዓመት ስላይድ አዘጋጀሁ፣ አስጻፍኩ፣ ፈተንኩ። ልጆቹ ሸጋ ውጤት አመጡ። ከፈተናው በኋላ አንዱን ጎበዝ ተማሪ፣ "ዶርማችሁ ውስጥ ዋይፋዩ ኮሪደሩ ላይ ይሠራል፤ አልጋህ ላይ ስትሆን ግን ይጠፋል። ለምን ይመስልሃል?" አልኩት። አሰብ አደረገና፣ "ቲቸር፣ ፓኬጅ አልቆ ይሆናል" አለኝ።

አልሳቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ልጁ የዋይፋይ ደረጃዎችን ስምና ዓመት እንደ ዳዊት ይደግማል። ሲግናሉ ግድግዳ ሲመታ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቀን ለክቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ኮርሱን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ እየተራመዱ ይለካሉ። ቀጥሎ ወረፋውን ይረዳሉ። መቆለፍና መስበር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስላይድ የማወጣው ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ሲያነሱ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ኮርሱን "ላብ (ቤተ ሙከራ) የለም" ከሚል ማስታወሻ ጋር ለተረከበ አስተማሪ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ትምህርት ተቋማት ብዙ ዕቃ አጥተዋል። አዲስ ዕቃ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። አብሽሩ፣ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም።

ዕቃ መሰብሰብ

ሁለት አሮጌ የቤት ራውተር ፈልጉ። አንቴናቸው ውጭ የሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ የግድ ግን አይደለም። ሰው ፋይበር ሲያስገባ የድሮውን ራውተር ቁም ሳጥን ላይ ይወረውረዋል። ተማሪዎቻችሁን ብትጠይቁ በሳምንት ውስጥ ከሁለት በላይ ይመጣል።

ከመሰካታችሁ በፊት ግን አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ራውተር 9 ቮልት፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው። ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፤ መግባቱ ግን ይስማማል ማለት አይደለም። ከዚያ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። የድሮው ባለቤት ፓስወርድ በዚህ ይጠፋል።

ሌላው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አንድ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብል፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ረጅም ገመድ። ገመዱን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ሜትር ላይ ቋጥሩት። ለምን በእኩል ርቀት እንዳልሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ስልክ ልጆቹ አላቸው። አንድሮይድ የያዙት የዋይፋይ መለኪያ መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ያውርዱ። "ከጓደኛዬ በሼርኢት ልቀበል?" የሚል አይጠፋም። አይሆንም በሉት። የደህንነት ኮርስ ምንጩ በማይታወቅ መተግበሪያ አይጀመርም። አይፎን የያዙት የሲግናሉን መጠን በቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ እንደ አንድሮይዱ በቀላሉ ስለማያገኙ ከአንድሮይድ ባለቤት ጋር አጣምሯቸው።

እዚህ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ የበላብኝን ነገር ልንገራችሁ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ ዋይፋይ እንዲፈልግ አይፈቀድለትም። ልጆቹ እየተራመዱ ቁጥሩ አልነቃነቅ ይላል። እኛም ራውተሩ ተበላሸ ብለን ስንነቅል ስንሰካ ዋልን። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ላይ ገደቡን ከገንቢዎች ቅንብር (Developer options) ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ሎኬሽንም መብራት አለበት፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ባዶ ገጽ ያሳያል።

1. መጀመሪያ ወረቀት ይፈረም

ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ልጅ በደስታ እየፈነደቀ መጣ። "ቲቸር፣ የጎረቤታችንን ራውተር ከፈትኩት! ፓስወርዱን አልቀየሩትም ነበር።" የቤት ሥራ የሠራ መስሎታል። እኔም የማን ንብረት ላይ እንደሚሞከር አንድም ቀን አልተናገርኩም ነበር።

አሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ይዤ እገባለሁ። አንቀጽ 3 ሕገወጥ ደራሽነትን፣ አንቀጽ 4 ሕገወጥ ጠለፋን ይከለክላል። የሕጉ አማርኛ ከበድ ስለሚል በኛ ቋንቋ እናወራዋለን። በሩ ክፍት ነው ማለት ግባ ተብለሃል ማለት አይደለም። ጎረቤት ቤት በሩ ገርበብ ቢልም "ቤቶች!" ተብሎ ነው የሚገባው። ከዚያ አንድ ገጽ ይፈርማሉ፦ የምሞክረው ክፍላችን ባሉት ሁለት ራውተሮች ላይ ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ ከሆነ ባለቤቱ በጽሑፍ ሲፈቅድልኝ ነው።

ፈቃዱ "በጽሑፍ" ይሁን። የቃል ፈቃድ ችግር ሲመጣ ይረሳል።

2. ገመዱን ይዞ መውጣት

ኮርሱ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ ሦስትም ቢሆን አይቆጭም።

ራውተሩን ሜዳ ላይ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ገመዱን ዘርጉ። ልጆቹ በየቋጠሮው ቆመው የሚያዩትን ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩ በዲቢኤም (በሲግናል ኃይል መለኪያ) ነው፤ ከዜሮ በታች ስለሆነ የመቀነስ ምልክት አለው። ሁሉም እዚህ ላይ ይደናገራል። "80 ከ50 ይበልጣል አይደል?" ይላሉ። በዕዳ አስረዷቸው። 50 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 80 ብር ዕዳ ካለበት ይሻላል። ስለዚህ -50 ጥሩ ነው፣ -67 አካባቢ ድምፅና ቪዲዮ ደህና ያስኬዳል፣ -80 ላይ መቆራረጥ ይመጣል፣ ወደ -90 ሲጠጋ ሲግናሉ ከጫጫታው ጋር ይቀላቀላል።

ሎጋሪዝም አታንሱባቸው። ሁለት ነገር ብቻ ይያዙ። 3 ሲቀንስ ኃይሉ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። 10 ሲቀንስ አንድ አስረኛ ሆነ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለቱ ሁሉን ነገር ያሰላሉ። 100 ሚሊዋት የሚልክ ራውተር 20 ዲቢኤም ላከ ይባላል። ስልኩ -70 ካሳየ ልዩነቱ 90 ነው። ዘጠኝ ጊዜ በአስር አካፍሉ። ስልኩ የደረሰው ከተላከው አንድ ቢሊዮንኛ ነው! እሱን ይዞ ነው ቪዲዮ የሚያሳየው። ይህን ሰሌዳው ላይ ሲያሰሉት ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የቋጠሮው ነገርም እዚህ ይፈታል። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የዲቢኤሙ ቁጥር በ6 ያህል ይቀንሳል። ከ1 ወደ 2 ሜትር ያለው ቅናሽና ከ16 ወደ 32 ሜትር ያለው ቅናሽ ተቀራራቢ ነው። ልጆቹ ይህን ከራሳቸው ሠንጠረዥ ላይ ያገኙታል። ቁጥሩ አንድ ሁለት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መሬቱም፣ አጥሩም፣ ቆሞ የሚያየው ሰውም ሞገዱን ይመልሰዋል። ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ። ከዚያ ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው ጀርባቸውን ለራውተሩ ይስጡ። ሰውነታቸው ራሱ ግድግዳ ሆኖ ያገኙታል።

ቀጥሎ ውርርድ ነው። ራውተሩን በየተራ በእነዚህ ነገሮች አስከልሉ፦ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ ባዶ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የጭቃ ግድግዳ። ከመለካታቸው በፊት እያንዳንዱ ስንት እንደሚቀንስ ግምቱን ይጻፍ። በትክክል የቀረበው ቡና ይጋበዛል። ውጤቱን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ የናንተ ግድግዳ ከኔ ግድግዳ ይለያል። ባዶው ጀሪካን ምንም ማለት አይደለም፤ ውሃው ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቆርቆሮው ደግሞ ሞገዱን አይውጠውም፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከኋላው ያለው ሲዳከም አንዳንዴ ጎኑ ላይ ያለው ይጠነክራል። አንዷ ተማሪዬ ይህን አይታ "ቆርቆሮው መስታወት ነው" ብላ ጻፈች። ከመጽሐፉ ፍቺ ይልቅ የሷን ወደድኩት።

ራውተሩ ሁለቱን ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ ከሆነ ሁሉንም በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ ድገሙት። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የሁለተኛው 6 አካባቢ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም።

ያ "ፓኬጅ አልቆ ይሆናል" ያለኝ ልጅ ትዝ ይላችኋል? ኮርሱን ቀድሞ ቢጨርስም ከታናናሾቹ ጋር ሊለካ መጣ። ማታ ዶርሙ ሄዶ ለካና በማግስቱ "ቲቸር፣ የብረት ሎከሮቹ ናቸው" አለኝ። ለካስ ሎከሮቹ በበሩና በአልጋዎቹ መሃል በረድፍ ተደርድረዋል። ማንም ሳያስበው የብረት ግድግዳ ሠርተዋል።

የደሴ ልጅ ስለ ቀጥተኛ ዕይታ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ያየ ያውቀዋል። የሚስቱት አንድ ነገር ግን አለ። ሁለት ቤት በአንቴና ሲገናኙ መሃሉ በዓይን መታየቱ አይበቃም፤ በመስመሩ ዙሪያ ያለው ቦታም ነጻ መሆን አለበት። በ2.4 ጊጋኸርዝ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ቦታ መሃሉ ላይ 5.6 ሜትር ያህል ራዲየስ አለው። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ክፍት ካልሆነ ሲግናሉ ይጎዳል። ሲተከል የነበረው የባህር ዛፍ ችግኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ጠይቋቸው። ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል።

3. ወረፋው

ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል? የሚቀጥለው ጥያቄ ይህ ነው።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎች በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንድ ኔትወርክ ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ስለዚህ ሳይደራረቡ አብረው የሚሄዱት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ብልጥ ነኝ ብሎ "3 ባዶ ነው" የሚል ተማሪ አይታጣም። 3 ላይ የገባ ኔትወርክ 1ንም 6ንም ይረብሻል። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ኔትወርኮች ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው።

ልጆቹ ማታ ሰፈራቸው ያለውን ይቅዱ። ሙጋድ የሚኖረውና ሰኞ ገበያ የምትኖረው የተለያየ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። የሰው ኔትወርክ ስም ግን ሠንጠረዡ ላይ አይጻፍ፤ ቻናሉና ጥንካሬው ይበቃል።

ተራ አጠባበቁን በጨዋታ አሳዩት። ስድስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቁሙ። እያንዳንዱ ዳይስ ይጥላል፤ በወጣው ቁጥር ልክ በሆዱ ወደታች ይቆጥራል። ዜሮ የደረሰ "እኔ!" ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሌሎቹ እስኪጨርስ ቆጠራውን ያቆማሉ። ሁለቱ አንድ ላይ "እኔ!" ካሉ ተጋጩ፤ አሁን ሁለት ዳይስ ይጥላሉ። ዋይፋይም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ይሰማል፣ ዝም ሲል ቆጥሮ ይናገራል፣ ሲጋጭ ከሰፋ ቁጥር እንደገና ዕጣ ያወጣል። ጨዋታው ሲሞቅ አንዱን ልጅ በግራ በር፣ ሌላውን በቀኝ በር አስወጧቸው። ሁለቱ አይሰማሙም፤ መሃል ያለው ግን ሁለቱንም ይሰማል። እየተደራረቡ ሲጮሁበት የተደበቀ ጣቢያ የሚባለውን ችግር ያለ ስላይድ ያየዋል።

አንድ ስሌት እዚህ ላይ ጨምሩ። 1,500 ባይት ማለት 12,000 ቢት ነው። በ54 ሜጋ ቢት የሚልክ ስልክ በ0.22 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ጥግ ላይ ሆኖ ወደ 1 ሜጋ ቢት የወረደ ስልክ 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሩቅ ያለው አንድ ስልክ ለምን ክፍሉን በሙሉ እንደሚያዘገይ አሁን ያውቃሉ።

በየዓመቱ አንድ ሰው "እናቴ ምጣድ ስትሰካ ዋይፋይ ይጠፋል" ይላል። ዕውነቱን ነው፤ ምክንያቱን ግን ይስታል። ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ ይረብሻል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ዋይፋይ የሚረብሽ ሞገድ አያወጣም፤ ያሞቃል እንጂ። ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ የቤቱ መብራት ይወርድና ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። መፍትሔው ቻናል መቀየር ሳይሆን ያችው ትንሿ ዩፒኤስ ናት።

4. ማስተካከልና መቆለፍ

ራውተሩን መክፈት፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ መቀየር፣ ሶፍትዌሩን ማደስ፣ የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። በዚህ ላይ አታምሹ።

ስሙን በግዕዝ ፊደል ይሞክሩት፤ ይወዱታል። የኔትወርክ ስም እስከ 32 ባይት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ10 ፊደል አይበልጥም። "የጦሳ ንፋስ" ይገባል። "የደሴ ቧንቧ ውሃ ልጆች" አይገባም። ለምን እንደማይገባ እነሱ ይቁጠሩት። አንዳንድ አሮጌ ራውተር ደግሞ ግዕዝ ጨርሶ አይቀበልም። ፓስወርዱ ግን ከ8 እስከ 63 የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው።

ፓስወርድ ላይ ቆም በሉ። የኛ ሰው ዋና ልማድ ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ ማድረግ ነው። አስር አሃዝ ስለሆነ ረጅም ይመስላል። ግን 09 ወይም 07 መነሻው ይታወቃል፤ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው። ለአንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን ግምት ማለት ነው። ደብሊው ፒ ኤ 2 (WPA2) በሚባለው የተለመደ የዋይፋይ መቆለፊያ ላይ ስልኩና ራውተሩ ሲተዋወቁ አራት መልእክት ይለዋወጣሉ። ፓስወርዱ ራሱ በአየር ላይ አይላክም። ነገር ግን እነዚያን መልእክቶች የቀዳ ሰው ቤቱ ሄዶ እየገመተ ማመሳከር ይችላል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ 500 ሺህ ይገምታል እንበል። 100 ሚሊዮኑ በ200 ሰከንድ ያልቃል። አቦል ተቀድቶ ሳይጠጣ ማለት ነው!

አሁን ሌላ እንሞክር። 2 ሺህ ቀላል የአማርኛ ቃላት በየወረቀቱ ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። አምስት ቃል በዕጣ ይውጣ፤ በወጣ ቁጥር ወረቀቱ ይመለስ። በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉት። ሰባሪው ዝርዝራችሁን ቢያገኝ እንኳ በዚያው ፍጥነት ሁሉንም ለመሞከር ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዕጣ መሆኑ ግን ወሳኝ ነው። "ከዘፈን ስንኝ ልውሰድ" የሚለውን አትፍቀዱ፤ ስንኙን ሌላም ሰው ያውቀዋል።

ተከታዩ ደብሊው ፒ ኤ 3 በ2018 በአውሮፓውያኑ ሲወጣ ይህን ቤት ወስዶ የመገመት ነገር ዘግቶታል። ራውተሩና ስልኩ ከቻሉት እሱ ይመረጥ። አሮጌዎቹ ግን አይችሉትም፤ ደብሊው ፒ ኤ 2 ከጥሩ ፓስወርድ ጋር ይበቃል። በ2017 በአውሮፓውያኑ የተገኘበት ቀዳዳ በማደስ የሚዘጋ ስለሆነ ስልኩም ራውተሩም ይታደሱ።

ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) የሚባለውን፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን አቋራጭ አጥፉት። ባለ 8 አሃዝ ፒን ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ማረጋገጫ ናት። ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጥ የመጀመሪያው 10,000፣ ሁለተኛው 1,000 ግምት ብቻ አለው። ሲደመር 11,000። አስር ሚሊዮን መሆን የነበረበት ማለት ነው። አምስት ቃል በዕጣ ያወጣችሁት ሁሉ በዚህች ጓሮ በር ዋጋ ያጣል።

ዌፕ (WEP) የሚባለውን የድሮ የዋይፋይ መቆለፊያ በአምስት ደቂቃ እለፉት። በ2001 በአውሮፓውያኑ ተሰበረ፣ አበቃ። የኔትወርክ ስም መደበቅና ማክ አድራሻ (የስልኩን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) መመዝገብም እንደ ቁልፍ አይቆጠሩ። የተደበቀውን ስም የራሳችሁ ስልክ ሲገናኝ በአየር ላይ ይናገረዋል። ማክ አድራሻ ደግሞ በአዳዲስ ስልኮች ላይ ለየኔትወርኩ በዘፈቀደ የሚሰጥ ነው። የመዘገባችሁት ባለቤት ስልኩን ሲቀይር ራሱ በር ላይ ይቀራል።

5. ሲሰማ ማሳየት

ይህ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ በላይ አይረሳም። ብዙ አስተማሪ ለዚህ ልዩ የዋይፋይ ካርድ ያስፈልጋል ብሎ ይተወዋል። አያስፈልግም። ላፕቶፑን ራሱን ሆትስፖት አድርጉት፤ የተገናኘው ስልክ ሁሉ መንገዱ በእናንተ በኩል ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ዊንዶውስ ግን የሚያጋራው ግንኙነት ካላገኘ እንቢ ይላል።

ላፕቶፑ ላይ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ተራ ገጽ አስቀምጡ፤ ያልተመሰጠረ ይሁን። ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍታችሁ የሆትስፖቱን ካርድ ምረጡና ፕሮጀክተር ላይ አውጡት። ልጆቹ በስልካቸው ገብተው የውሸት ፓስወርድ ይጻፉ። "የውሸት" የሚለውን ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ ቢሆንም አንዱ የእውነተኛውን ይጽፋል። የሞባይል ዳታ ያጥፉ፤ አለበለዚያ ስልኩ "ኢንተርኔት የለም" ብሎ ጥሏችሁ ይሄዳል።

የጻፉት ቃል ግድግዳው ላይ ሲወጣ የሚሰማው ጫጫታ! ወዲያው ያንኑ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ (HTTPS)፣ ማለትም ተመስጥሮ ክፈቱት። አሁን የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው። የገጹን ማንነት የሚመሰክረውን ሰርተፍኬት ራሳችሁ ስለሠራችሁት ብራውዘሩ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ቸኩላችሁ አትለፉት። ባንክ ገጽ ላይ ይህ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ካፌ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ፓስወርድም የሚነሳው እዚህ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ፓስወርድ በደብሊው ፒ ኤ 2 ላይ ብዙም ከለላ አይሰጥም፤ ፓስወርዱን የሚያውቅና ስልክህ ሲገናኝ የቀዳ ሰው ሊፈታው ይችላል።

6. መንታው ራውተር

ሁለተኛው ራውተር አሁን ይሠራል። የመጀመሪያውን ያለ ፓስወርድ "ላብ" በሚል ስም ክፈቱ፤ ስልኮቹ ይገናኙ። አጥፉት። ሁለተኛውን በዚያው ስም፣ እሱንም ያለ ፓስወርድ አብሩት። ስልኮቹ ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ይለጠፉበታል። ለስልኩ ስሙ ከተመሳሰለ ሰውየው ያው ነው።

ከዚያ ተራ በተራ ቀይሩ። የመጀመሪያው ፓስወርድ ኖሮት ሁለተኛው ክፍት ቢሆንስ? ስልኩ በራሱ አይሄድም። ሁለቱም አንድ ፓስወርድ ቢኖራቸውስ? ይሄዳል። ይህን ልጆቹ በሠንጠረዥ ይሙሉት። ሲጨርሱ ስልካቸው ውስጥ የተቀመጡትን ክፍት ኔትወርኮች በሙሉ ይሰርዙ። መናኸሪያው፣ ሆቴሉ፣ ሆስፒታሉ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

7. ፈተናው

የወረቀት ፈተናውን ወደ 30 ከመቶ አውርጄዋለሁ። የቀረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የተበላሸ ራውተር ነው። እኔ ሦስት ነገር አበላሻለሁ፤ ቻናል 3 ላይ አደርገዋለሁ፣ ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ አስቀምጠዋለሁ፣ ደብሊው ፒ ኤስ እከፍታለሁ። በ40 ደቂቃ ያግኙ።

ሁለተኛው የሰው ቤት ወይም ሱቅ ነው፤ የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው ይሄዳሉ። የሲግናል ካርታ ይሠራሉ፣ መቆለፊያውን ይፈትሻሉ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ ይጽፋሉ። ገጹን የማርመው በአንድ ነገር ነው፤ ባለቤቷ ይገባታል ወይ? ባለፈው ከአንዱ ቡድን ጋር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ባለሱቅ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጁ ስለ ምስጠራ ሊያብራራ ሲጀምር አቋረጡት።

"ልጄ፣ ስልክ ቁጥሬን ካነሳህብኝ እኔው እረሳዋለሁ። ከዚያ ማን ያስገባኛል?"

"እማማ፣ አምስቱን ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉትና መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡት።"

"ወረቀት? ሌባ ቢያየውስ?"

"መሳቢያዎ ድረስ የገባ ሌባ ዋይፋይ አይፈልግም፣ እማማ።"

ሳቁና ፈቀዱ። ልጁን ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁለቱንም ራውተር ሪሴት አድርጉ፤ ገመዱን ጠቅልሉ፤ ጀሪካኑን ድፉት። እያንዳንዱን አዳፕተር ከራውተሩ ጋር በፕላስተር እሰሩ። አምና ሳላስር ያስቀመጥኩት ባለ 12 ቮልት፣ ዘንድሮ ባለ 9 ቮልቱን ራውተር በመጀመሪያው ቀን አጨሰብኝ።